ክቡር ጨጓራ ያላነበቡት ካፕሱል

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ አንድ የጨጓራ ሰው አታጡም። ጨጓራማ የሌለው ማን አለ? ይህ ሰው ግን ጨጓራውን እንደ ሹመት ነው የያዘው። ሰላም ብትሉት የሚመልስላችሁ ስለ ቃሩ ነው።

በአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ክፍል ይህን ሹመት የያዙት ዋናው አራሚ ናቸው። ከጀርባቸው «ክቡር ጨጓራ» ይባላሉ። የሚታኘከው ክኒን ከኪሳቸው፣ ቁርስ ሳይቀመስ የሚዋጠው ካፕሱል ከመሳቢያቸው፣ ምግብ አልወርድ ብሎ ሆድ ሲነፋ የሚጠጣው ሽሮፕ ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ አይጠፋም። አንዱንም ግን አያምኑም።

ዕድሜያቸውን ስሕተት ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲያገኙ መነጽርና ቀይ እስክሪብቶ ይወጣል። አንዴ «ከምግብ በፊት» የሚለው «ከምብ በፊት» ተብሎ ቢያገኙት ካፕሱሉን ከነማሸጊያው ለፋርማሲስቷ መለሱላት።

«አባቴ፣ ወረቀቱን እኮ አይውጡትም» አለቻቸው።

«ፊደል የዘለለ እጅ መድኃኒቱን ሲመጥን አይዘልም ያለሽ ማነው?»

የክኒኑ ቀለም ትንሽ ደብዘዝ ካለ ማን ነካካው ይላሉ። ሐኪሙ ፈገግ ካለም ጉድ ነው። «ሲስቅ ብታዪው! ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም።»

ይህን ሁሉ ችላ የምትሰማው ፊት ለፊታቸው የምትቀመጠው አንባቢዋ ናት። ሥራቸው የጥንድ ነው። እሷ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው ለኅትመት የተዘጋጀውን በዓይናቸው ይከተላሉ። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አራት ነጥብ ላይ ታርፋለች። ሁሉም ሲስተካከል እሳቸው ግርጌው ላይ «ይታተም» ብለው ይፈርማሉ። ያችን ቃል ከእሳቸው ማግኘት ግን ምጥ ነው፤ «እስቲ ድገሚልኝ» ሳይሉ ፈርመው አያውቁም።

ሰሞኑን አንባቢዋን ወገቧን ያማታል። ማስታገሻ ትውጣለች። ማስታገሻው ደግሞ ሆዷን ሲያቃጥላት ከሱቅ የገዛችውን የቃር ክኒን ታኝክበታለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለክቡር ጨጓራ መንገር ችሎት መቅረብ ነውና።

እሳቸው ግን ያዩዋት ጀመር። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩዋታል፣ መሳቢያቸውን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ደግሞ ያዩዋታል። ክኒኔን ሰረቀችኝ ብለው ነው አለች በልቧ።

አንድ ጠዋት በንባቧ መሀል እጃቸውን አነሡ።

«ቆዪ። እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ የለም።»

«እኔም አለ አላልኩ።»

«ቆመሻል። ከላይኛውም መስመር ላይ ቆመሻል። ምን እየወሰድሽ ነው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎን ክኒን አልነካሁም።»

«ስለኔ ማን ጠየቀሽ? ፊትሽ ወረቀት መስሏል፣ ትንፋሽሽ ያጥርሻል። ሰገራሽ ጠቁሯል እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወረቀቱን አንሥታ ንባቧን ልትቀጥል ሞከረች። እሳቸውም ንባቧን አላመኑትም፤ ኮታቸውን አንሥተው ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ሄዱ።

ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነበር። ማስታገሻው አቁስሎታል፣ የሚታኘከው ክኒን ደግሞ ሕመሙን ሸፍኖባታል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው። ደም ተሰጣት፣ ተኛች። እሳቸውም በየቀኑ እየመጡ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ግሉኮሱን በጥርጣሬ ዓይን ሲጠብቁ ዋሉ።

ከሐኪም ቤት በምትወጣበት ጠዋት ነርሷ ካፕሱል ከነወረቀቱ ሰጠቻት። አንባቢዋ ካፕሱሉን ከመዳፏ ላይ አድርጋ ቀረች። በጥርጣሬያቸው በልቧ ስትስቅ የኖረችው ሴት ፈራች። ሞት አጠገቧ የደረሰው ዝም ብላ በዋጠችው ክኒን ነው።

«ጋሼ» አለች፣ «መጀመሪያ ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጮክ ብለው፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እየተነፈሱ፣ አራት ነጥብ ላይ እያረፉ አነበቡላት። አንድ ቦታ ላይ ቀይ እስክሪብቷቸው ወረደች፤ የተዘለለች ፊደል ነበረች። አንባቢዋ ካፕሱሉን ልትመልስ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ፊደሏን አስገቡ፣ ከላይ እስከ ታች ደግመው አነበቡ፣ ከዚያም ግርጌው ላይ «ይታተም» ብለው ፈረሙ።

«ዋጪው» አሏት።

አባቷን የምትወደውን ያህል ወደደቻቸው፤ ካፕሱሉንም ዋጠችው።