አህዮቹ የጠየቁት ቃል

ትናንት ከሰዓት በኋላ መምህር እንድሪስ ክፍል ውስጥ ሕልም አየ። ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለች ቆላ ከተማ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ነበር። ሰሌዳው ላይ "ስኬዚንግሊ" የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈና፣ "ትርጉሙንና መነሻውን ከመዝገበ ቃላት ፈልጉ፤ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር!" ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ካለው ባዶ ቦታ አረፈ። የዘሃራ ቦታ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ቢያቅታት፣ "አንቺን ከማስተምር አህያ ባስተምር ይሻለኛል" ብሏት ክፍሉ በሳቅ አውካክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ይህን እያሰበ ሸለብ አደረገው።

ትምህርት ቤቱ በጣሪያው ቆሟል። መምህራኑ ዩኒፎርም ለብሰው በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ተማሪዎቹ ጥፍራቸውን ይፈትሻሉ። ርዕሰ መምህሩ አርፍደሃል ተብሎ ፀሐይ ላይ ተንበርክኳል።

"አንተ፣ ወላጅ ይዘህ ና" አለችው በረኛዋ ሕፃን።

"አባቴ እኮ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።"

"እንግዲያው ቶሎ ይነሱ በላቸው።"

ሲገባ ሦስት አህዮች መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ትልቋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ልጄ፣ ስኬዚንግሊ ማለት ምን ማለት ነው?"

"በሚያቆስል አነጋገር ማለት ነው፤ ሰውን እንደ እሳት በሚለበልብ ምላስ።"

"መነሻውስ?"

"ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቋንቋ ነው። በነሱ ዘንድ 'ጉዳት' ማለት ነበር።"

አህዮቹ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ተመካከሩ።

"ትክክል ነህ" አለች ትልቋ። "ስለዚህ ወድቀሃል።"

"ለምን?"

"ባታውቀው ኖሮ እናሳልፍህ ነበር። ጉዳት መሆኑን እያወቅህ ነው የተናገርኸው።"

አፍሮ ወጣ። በሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ አደረሰው። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ያቃስታሉ፤ በሽተኞቹ መርፌ ይወጓቸዋል። ዘሃራ ነጭ ጋዋን ለብሳ ቆማለች።

"አፍህን ክፈት" አለችውና የልብ ማዳመጫዋን ምላሱ ላይ አሳረፈች። የማዳመጫውን ሌላ ጫፍ በራሱ ጆሮ ሰካችለት። "ስማው።"

የአራተኛ ክፍል መምህሩ ድምፅ ነበር። "አንተ ደንቆሮ፣ ላንተ ከብት መጠበቅ ነው የሚያምርብህ!" አርባ ዓመት ሙሉ የረሳው መስሎት ነበር።

"መነሻው ይሄ ነው" አለች ዘሃራ፣ በለሆሳስ። "እዚህ ላይ ይቁም ወይስ እኔም ይዤው ልሂድ?"

"እዚህ ይቁም! ዘሃራ፣ ይቅር በይኝ!"

በገዛ ጩኸቱ ባነነ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ አፍጥጦ ያየዋል። አንድም የሳቀ የለም። ከባዶው ቦታ አጠገብ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ራህመት ቀስ ብላ ተነሣች።

"ቲቸር... ዘሃራ እኮ ሄዳለች። ዓርብ ነው ዓረብ አገር የበረረችው፣ ለቤት ሠራተኝነት።"

"ምን ብላ?" አለ መምህር እንድሪስ።

"'እዚያ እንግሊዝኛ አይጠይቁም' ብቻ ነው ያለችን።"