እንጦጦ ላይ አሥራ አራት ደቂቃ ያለ ስም

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ላይ የሠራሁትን ብነግራችሁ ፎሎው ማድረግ ታቆማላችሁ። ካልነገርኳችሁ ደግሞ እኔ እፈነዳለሁ!

(የድሮው አካውንቴ ፓስወርድ ጠፍቶብኝ በአዲስ ነው የመጣሁት። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ሽቦ አንቴናዬ ነው። እንቀጥል።)

እንደምታውቁት አማተር ሬዲዮ የሚሉት፣ በራስ አንቴና ከሩቅ ሰው ጋር የማውራት ነገር ይዞኛል። «ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርግልሻል?» የምትሉኝ፣ ዛሬ ልክ ናችሁ።

እዚህ ሙያ ውስጥ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ባለፈቃድ ኮል ሳይን አለው፤ እንደ መኪና ታርጋ የእሱ ብቻ የሆነ የሬዲዮ ስም ማለት ነው። ስትጀምሩ ትጠሩታላችሁ። ወሬው ከረዘመ በየአሥር ደቂቃው ትጠሩታላችሁ። ስትጨርሱም ትጠሩታላችሁ። በቃ።

ይቺን ሕግ እኔ ቤታችን ድረስ አስገብቻታለሁ! ወሰን ሰፈር ያለው የቤታችን በር ሲንኳኳ እማዬ «ማነው?» ትላለች፤ የመጣው ሁሉ «እኔ ነኝ» ይላል። እኔ ከጓዳ ሆኜ «እኔ ማን? ስም የለህም?» ብዬ እጮሃለሁ። ግማሹ ጎረቤት ተቀይሞኛል።

የራሴ ኮል ሳይን ግን ገና የለኝም። ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ፈተናውን አልፌ፣ የቀረኝ የአሰልጣኜ የጋሽ በላይ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ዛሬ ጽፈውት፣ ሳይፈርሙ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት መጡ። ጫፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ! እሳቸው ባሉበት፣ በክለባችን ኮል ሳይን ግማሽ ሰዓት በሥርዓት ካወራሁ ይፈረማል።

የአንቴናውን ሽቦ ባህር ዛፍ ላይ ሰቀልን። ጋሽ በላይ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በአንድ እጃቸው ትንሽ የእጅ ሬዲዮ፣ በሌላው ሰዓት ይዘዋል።

የክለቡን ኮል ሳይን እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጌ ጠራሁ። ጋሽ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ!

ያኔ ከአያት ሰፈር አንድ አዲስ የክለቡ አባል በሬዲዮ ገባ። «እንዴት አደርሽ እህቴ? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? ብርዱ እንዴት ይዞሻል?»

ኮል ሳይን የለ፣ ምን የለ!

ደሜ ፈላ። «ወንድሜ፣ ማን ነህ? ታርጋ ፈትተህ ነው እንዴ የምትነዳው?» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሕጉ አስተማርኩት። ስለ ዲሲፕሊን አስተማርኩት። የእማዬን በር ሳይቀር በምሳሌነት አነሳሁ። ሰውዬው በየመሃሉ ኮል ሳይኑን እየጠራ ይቅርታ ይለኛል፤ እኔ እቀጥላለሁ።

ሰው መምከር እንዴት ደስ ይላል በናታችሁ!

ጋሽ በላይ ሰዓታቸውን አዩ። እኔን አዩ። ደግመው ሰዓታቸውን አዩ። ተደንቀው መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ።

ከዚያ የእጅ ሬዲዮአቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። የራሳቸውን ኮል ሳይን ጠሩና፣ እዚያው ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ክለቡ በሙሉ እየሰማ፣ «አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ የምታስተምሪን ጣቢያ፣ ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አሉ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«እኔ ነኝ ጋሼ!»

እጄንም አውለበለብኩላቸው!!

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ይኸው አጠገብዎ!»

ከዚያ የአያቱ ሰውዬ ኮል ሳይኑን ጠርቶ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስም ደግሞ ጠራው። ሕጉን ጠብቆ ሳቀብኝ!

ሽቦውን ስንጠቀልል «ጋሼ፣ ድምፄን ያውቁት የለ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔማ አውቅሻለሁ ልጄ። የሚሰማሽ ግን የሚያውቅሽ ሰው ብቻ አይደለም» አሉኝ።

ደብዳቤው ከኪሳቸው ሳይወጣ ተመለሰ። ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። እስከዚያ የእኔ ሥራ ሰዓት ይዞ መቀመጥና አሥር ደቂቃ በሞላ ቁጥር ለሚያወሩት ሰዎች እጅ ማውጣት ነው። አፍሬያለሁ፤ በጣም ነው ያፈርኩት።

ቤት ደርሼ በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች እማዬ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን? ስም የለሽም?»

ይቺን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች! ከነአያቴ ስም ጠርቼ ነው የተከፈተልኝ።

እናም ዛሬ የተማርኩት፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ስም መ…

ኤዲት፦ ፖስት ካደረግኩት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ኮሜንት ገባ። «ታሪኩ አስቆኛል፤ አካውንቱን ግን አላወቅኩትም። ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ኧረ እኔ ነኝ!!