ክቡር ቆይ ማዘርቦርድ ሲመርጡ

በየሰፈሩ ዕቃ የሚመርጥ እንጂ የማይገዛ አንድ ሰው አይጠፋም። ምድጃ ልትገዙ ስትሉ የምታማክሩት እሱን ነው፤ ካማከራችሁት በኋላ ደግሞ ምድጃ የላችሁም። የእኛ ሰፈሩ ሰው ሥራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ሰፈሩ ግን በማዕረጋቸው «ክቡር ቆይ» ይላቸዋል።

አፋቸውን የሚፈቱት በዚህች ቃል ነዋ። ቆይ፣ አዲሱ ይውጣ። ቆይ፣ የተጠቀሙበት ሰዎች ምን እንዳሉ ልይ። በእሳቸው ምክር ጎረቤትየው ሁለት በጋ ያለ ፍሪጅ አሳልፏል፤ የሚስታቸው ወንድም ደግሞ መኪና ሊገዛ አማክሯቸው እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ሁለቱም አሁንም ያከብሯቸዋል።

ጉዱ ያለው ቤታቸው ነው። ሚስታቸው የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ናት። መኝታ ቤት ጥግ፣ ራስ ምታት ስላለባት መጋረጃውን ዘግታ ትሠራለች፤ የሰው ሠርግ ሁሉ በጫማ ካርቶን ውስጥ በተደረደሩ አሮጌ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይኖራል። አንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ክቡርነታቸው ደረታቸውን ነፍተው ሰርቨር የሚሉትን ትልቅ ኮምፒውተር እሠራልሻለሁ አሏት፤ ሥራዋን የሚያፈጥን፣ እያንዳንዱን ሠርግ በሁለት ቅጂ የሚያስቀምጥ፣ ባለሁለት ፕሮሰሰር። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። እሱን መምረጥ ዐሥራ አራት ወር ፈጀ። ፈጀ ማለትም ያስዋሻል፤ አላለቀም።

አንዱ ከኮምፒውተሩ ሣጥን በሁለት ጣት ሰፋ ተባለ። ሌላው ሁለተኛው ፕሮሰሰር ካልገባለት ግማሹ የራም መሰኪያ አይሠራም ተባለ። ሦስተኛውን ሚስትየው መርሯት ራሷ ልትገዛ ሱቅ ሄደች፤ ክቡርነታቸው ስልክ ደውለው ባለሱቁን አርባ ደቂቃ ተከራከሩት። ባለሱቁ በመጨረሻ እኔም ብሆን አልገዛውም ብሎ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ባለፈው ማክሰኞ ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ዲስክ ዝም አለ። ውስጡ ገና ለባለቤቶቹ ያልተሰጠ ሠርግ ነበር። የሙሽራዋ አባት ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ አርፈዋል።

ሙሽራዋ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ ሲናገር ያለበት ብቻ ቢገኝ ይበቃኛል» አለች።

ሚስትየው የለም ማለት አቃታት፤ አለች ግን። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አመስግና ወጣች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በሩ እንደተዘጋ ሚስትየው የባሏን የምርጫ ደብተር ልትቦጫጭቀው አነሳችው። ሠላሳ ሰባት ማዘርቦርድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፣ ሁሉም በቀይ የተሰረዘ። ምክንያቱ በየገጹ ይለያያል። የመጨረሻው መስመር ግን በሠላሳ ሰባቱም ላይ ያው ነው፦ «ሁለት ማቀዝቀዣ ፋን ይፈልጋል፤ ይጮኻል። ራሷን ያማታል።»

አልቀደደችውም። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ከሥራ እስኪመለሱ ጠበቀቻቸው።

«ሰርቨሩ መኝታ ቤት ይቀመጣል ያለህ ማነው?» አለች። «ዕቃ ቤት አስቀምጠን እስከ መሥሪያዬ ገመድ ብንስብለትስ?»

ክቡር ቆይ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። በዐሥራ አራት ወር ውስጥ ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታያቸውም ነበር።

«አንድ ቀን ብትጠይቀኝ የዚያች ልጅ አባት ድምፁ ይኖር ነበር» አለች። በዚያች ሰዓት ጠልታቸዋለች፤ ደብተሩን ግን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።

እሳቸው ቀስ ብለው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። በሩን ከፍተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ቆይ» አሉ። «እርጥበት አለው እኮ። ከግድግዳው ምን ያህል እንደምናርቀው ልለካ።»

ሜትሩን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጫፉ ሁለት ጊዜ ከግድግዳው ላይ አመለጣቸው። ሚስትየው ተነሥታ ሄደች፤ ቂሟ እንዳለ ሆኖ፣ ጎንበስ ብላ ሌላውን ጫፍ ያዘችላቸው።