የጋሼ ማሬ በሮች

ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካርታው ተሳሳተ ብሎ የሚያማርርና ካርታውን የሚያርም። የመጀመሪያው ሕዝቡ ነው። ሁለተኛው ጎረቤቴ ጋሼ ማሬ ናቸው።

ማንም ሰው በኢንተርኔት የሚያርመውን የበጎ ፈቃድ ካርታ ሊያስተምሩን እዚህ እስራኤል፣ በከተማችን ኪርያት መላኪ የጠሩን ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፒሳ በላን፣ ተመዘገብን፣ ፎቶ ተነሣን። አብዛኞቻችን በዚያው ቀረን። አንዳንዱ የገዛ ቤቱን ብቻ ካርታው ላይ አስገብቶ ተሰናበተ። በሳምንቱ ክቡርነታቸው ጋሼ ማሬ፣ የቤኤር ቱቪያ መጋዘን ጡረተኛ፣ ብቻቸውን ቀሩ።

"የጀመረ ይጨርሳል" ይላሉ። አዲስ አግዳሚ ወንበር ካዩ ቆመው ይመዘግባሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሕንፃ መግቢያ ያሳድዳሉ።

ምክንያት አላቸው። እኛ ለቅሶ ስንደርስ ከደረጃው ሥር ጀምረን ነው የምንጮኸው፤ ሕንፃዎቻችን ደግሞ መንታ ናቸው። አንድ ጊዜ ከገዴራ የመጡ ለቀስተኞች በር ተሳስተው፣ ደረታቸውን እየመቱ ጎረቤታችን ውብዳር ቤት ደረሱ። ልጇ ወታደር ነው። መርዶ ያመጡባት መስሏት እደጃፏ ላይ ወደቀች።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ማሬ ባገኙኝ ቁጥር "አንቺስ ማረም የምትጀምሪው መቼ ነው?" ይሉኛል። "ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ፣ ነገ" እላለሁ።

ባለፈው ወር ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገው ተኝተው ሳሉ፣ የውብዳር ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ ዐረፉ። በዕድሳት ምክንያት የሟቹ መግቢያ ወደ ጓሮ ዞሯል፤ ካርታው ግን አሁንም የሚወስደው ወደ ውብዳር በር ነው። ጋሼ ከሆስፒታል ደወሉ።

"ከያቭኔም ከገዴራም ሰው ሊመጣ ነው። ያላ፣ ቶሎ ውጪና አርሚው።"

"አሠራሩን ረስቼዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"እኔ አልረሳሁትም" አሉና፣ ሐኪሙን ቆይ ብለው፣ በስልክ እየመሩ አሳረሙኝ።

ለቀስተኞቹ ስልካቸውን እያዩ በጓሮው በር ገቡ። ውብዳር ሳትደነግጥ፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሐላቸው ስታለቅስ ሳይ ደስ አለኝ። በለቅሶ ቤት ደስ ማለት ነውር ነው፤ ቢሆንም አለኝ።

ቤቴ ገብቼ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ ደወልኩላቸው።

"የጓሮው ደረጃ መደገፊያ አለው?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"ጉልበቱን የሚያመው ሰው ማወቅ ይፈልጋል።"

እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ያወለቅሁትን ጫማ መልሼ አድርጌ ወጣሁ።