የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆየሁበት ጣሪያ

በዚህ ጉዳይ አራት ሰዎች አለንበት። አንደኛዋ ባለቤቴ ወይንሸት ናት። ሁለተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋ ሦስት ሳምንት የቀራት ልጃችን ማርታ። ሦስተኛዋ ከእኛ በታች የምትኖረው የመናዊት ጎረቤታችን ኡሙ ሳሊም። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ አደገኛ ነው። ያልተማረው ይጠይቃል። ራሱን ያስተማረው ግን የሚጥለው መምህር ስላልነበረው ፈተና ወድቆ አያውቅም! እናንተም ቤት አንድ እንዲህ ያለ አይጠፋም... ካጣችሁት መስታወት ተመልከቱ።

የምንኖረው የመን ውስጥ፣ ዓደን ከተማ፣ መንሱራ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አናት ላይ በቆርቆሮ በተቀጠሉ ሁለት ክፍሎች ነው። የዓደንን ሰኔ ለማታውቁ፣ በሰኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ሻማ ማንም ሳይለኩሰው ይጎብጣል። «ካህራባ ጣፊ» ሲባል፣ መብራት ጠፋ ማለት ነው፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ፍራሹን ይዞ በራችን ፊት ወዳለው ሰገነት ይወጣል። ማርታ ግን አትወጣም። ከልክያታለሁ። ከኡሙ ሳሊም ሴት ልጆች ጋር ወሬ እንጂ ፊዚክስ አይጠናም ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ መክሬያታለሁ። የሰገነቱ ወሬ እንዳይገባም መስኮቷን በሚስማር መታሁት።

ልጅን ምድጃ ውስጥ ከትቶ «አጥኚ» ማለት ግን ለእኔም ከበደኝ። ስልኬን ሳገላብጥ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። በሠለጠነው አገር ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ ሰም መሰል ነገር ይጨምራሉ፤ ሰሙ ሲቀልጥ ሙቀቱን ይውጠዋል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል ይላል። ሰም ማለት ሻማ አይደል? የሰፈሩን ሱቆች ሻማ ጠራርጌ ገዛሁ። ከአንድ ምግብ ቤት ባዶ የቱና ጣሳ ለመንኩ። ወይንሸት በድስቷ ሻማ ሳቀልጥ ደርሳ፣ ድስቱ ከእንግዲህ የእኔ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት መቶ ጣሳ ሞልቼ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ደረደርኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከሥራ ሾልኬ መጣሁ። እውነቴን ነው፣ ቤቱ ሰው የሚቀመጥበት ሆኖ ነበር! ችግሩ... በዚያ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው የለም። ማርታ ትምህርት ቤት ናት፣ ወይንሸት የምትሰፋበት ሱቅ።

ማታ ማርታ መጽሐፏን ስትዘረጋ፣ ሁለት መቶው ጣሳ ቀን የዋጠውን አንድም ሳያስቀር ይመልስ ጀመር። ከነቱናው ሽታ። ሰሙ እስኪለምድ ነው አልኳት። ሁለተኛውም ማታ ሰሙ አልለመደም፤ ሦስተኛውም።

በአራተኛው ማታ ኡሙ ሳሊም ወደ ቤታችን ወጣች። መብራት በጠፋ ቁጥር ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ባለሱቆቹ ሻማውን ሁሉ አንድ ሐበሻ ወሰደው ብለዋታል።

«አቡ ማርታ፣ የክርስቲያኖች በዓል ደረሰ እንዴ?»

ሻማው ኮርኒሱ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። ቀና ብላ አየች።

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ያቀዘቅዛል» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግሁ።

ያኔ ማርታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ይሄ እኮ መጽሐፌ ውስጥ አለ። የቀለጠ ነገር ሲረጋ የዋጠውን ሙቀት ይመልሳል። ሌሊት የሚወስድለት ቀዝቃዛ ነፋስ ካላገኘ፣ የሚመልሰው ለእኛ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሳስረዳ አታቋርጪኝ ብለውኝ ነዋ።»

ስልኬን አውጥቼ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ማታ ማታ መስኮት ይከፈት ይላል። ሚስማሩን የመታው ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ማርታን ወደ ሰገነቱ እንድትወጣ ፈቀድኩላት። ለካ የኡሙ ሳሊም ትልቋ ልጅም እዚያ ተቀምጣ በስልኳ ብርሃን ያንኑ ፈተና ስታጠና ኖሯል! እኔ ጣሳዎቹን አውርጄ፣ ክር እየተከልኩ ለሕንፃው ሰው አደልኩ። ያን ሳምንት የሕንፃው መብራት በሙሉ ቱና ቱና ሸተተ።

የጠፋው ሲደመር እንዲህ ነው። ከእኔ ለሻማ ሠላሳ ሺህ ሪያል፤ ከወይንሸት አንድ ድስት፤ ከኡሙ ሳሊም አራት የጨለማ ምሽት፤ ከማርታ አራት የጥናት ምሽት። ሪያሉ ይተካል፣ ድስቱንም ገዛሁ። የማርታን በምን እንደምክሳት ስጠይቃት፣ ከእንግዲህ ሲያስረዱ እንዳቋርጥዎ ይፍቀዱልኝ አለች። ፈቀድኩ። ከሁሉም የተወደደብኝ ይሄ ነው።