የጋሽ አድላር ሃያ ሁለት ደረጃዎች

ከጎረቤቱ ጣሪያ አንድ ጣት ካልበለጠ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መንደር በምድር ላይ የለም። እኛ የሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሰዎች ደግሞ ባሕር ተጨምሮልናል። ውሃው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ እኛም ቤታችንን በክሪክ እያነሣን ምሰሶ ላይ እንሰቅላለን። ክቡር ጋሽ አድላር ፒትር ግን ከሁላችን በላይ ካልሰቀሉ ምግብ አይበላላቸውም።

ጎረቤቶቻችን ኩርቪሎች ቤታቸውን አሥራ ሁለት ደረጃ አደረሱ፤ እሳቸው አሥራ አራት። መምህርት ቬርና አሥራ አምስት አለች፤ እሳቸው አንዷን ጀልባቸውን ሸጠው አሥራ ስምንት! አሁን ሃያ ሁለት ላይ ናቸው። ጉልበታቸው እኮ ከስምንተኛው አያልፍም፤ እዚያ ወንበር አስቀምጠው አረፍ ይላሉ። ዳቦውም ሽሪምፑም በባልዲ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ ድመቴ በባልዲው ወጥታ ሦስት ቀን ተስተናግዳ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ እኔንም ቁልቁል ነው የምታየኝ።

ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ብቅ ብለው «እናንተ ታች ያላችሁት፣ እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። አቤት ስጠላው!

የእኔ ቤት ሦስት ደረጃ ብቻ ነበረው። አምና መስከረም ማዕበሉ ወጥ ቤቴ ድረስ ገብቶ ከምድጃዬ ሥር ዓሣ ትቶልኝ ሄደ። ከተማ ያለችው ልጄ ጄኔል «እማዬ፣ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቂው? ነይ!» አለችኝ። የተወለድኩበትን ቤት እያየሁ፣ እያለቀስኩ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

ወሬው ጋሽ አድላር ዘንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሁለቱንም ደረጃ ወርደው፣ እያለከለኩ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ትሄጃለሽ አሉ?»

«ምን ላድርግ ጋሽ አድላር? የቤት ማስነሻውን ገንዘብ ከየት ላምጣ?»

«አንቺ ከሄድሽ ኩርቪሎችም ይሄዳሉ። ቬርና አንድ እግሯ ወጥቷል። ታዲያ እኔ ከማን ልበልጥ ነው? ከአዞ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግሥቱ ክሪክ ተሸክመው፣ የወንድሞቻቸውን ልጆች አስከትለው መጡ። የገዛ ጎተራቸውን አፍርሰው ምሰሶውን ለእኔ አደረጉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ልክ ይዘው «ቁም! ቁም! ከእኔ አራት ጣት ዝቅ ይበል ብያለሁ!» እያሉ መንደሩን አደነቆሩት። ቤቴ ልክ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ። ለማንኛውም ብለው በራሳቸው ቤት ላይ የብረት ሰገነት ጨመሩበት።

መሬታችን ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ብረት አይወድም። ዘንድሮ መጋረጃ ስሰቅል የሆነ ነገር ዓይኔን ቢቆረቁረኝ እሳቸው ረስተውት የሄዱትን ውሃ ልክ አውጥቼ ለካሁ። ወይ ጉድ! የጋሽ አድላር ቤት ሰምጧል። እኔ በሁለት ጣት እበልጣቸዋለሁ!

ጄኔል በስልክ «ንገሪያቸው እንጂ!» ብላ ሳቀች።

«ትንፍሽ ብትዪ ልጄ አይደለሽም!» አልኳት።

እናም እሳቸው በረንዳቸው ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር፣ ከበረንዳዬ መከታ ጀርባ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ሽቅብ አንጋጥጬ ነው የማወራቸው። ትናንት ትኩር ብለው አዩኝና፣ «ኤርሊን፣ አንቺ ሴትዮ፣ አጠርሽብኝ እኮ!» አሉኝ።

«እርጅና ነው፣ ጋሽ አድላር» አልኳቸው።