ሁሉን ባንዴ የሚሰማ ጆሮ

አንባቢዬ፣ ሦስት ሰው ባንዴ ሲያወራ ሁሉንም ለይቶ የሚሰማ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ናዝሬት ውስጥ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ሠርቻለሁ። ግርማ ይባላል፤ የጭነት መኪናዎቻችንን ሾፌሮች በመገናኛ ሬዲዮ የሚያነጋግረው እሱ ነበር። መስመሩ አንድ፣ ተናጋሪው ብዙ! ከሞጆ የሚደውለው እንደ ጥይት ይንጣጣል፤ የዝዋዩ አንድ ቃል ተናግሮ ሲጋራውን ይስባል። ለእኛ የሚሰማን ጫጫታ ብቻ ነው። ግርማ ግን፣ "መጀመሪያ ጯሂውን ሰምተህ ከጆሮህ ታወጣዋለህ፤ የሚቀረው ዝግ ብሎ የሚያወራው ነው" ይላል። ቀላል ነው አይደል? እስቲ ይሞክሩት!

ችግሩ፣ እንዲህ ያለውን ጆሮ ቀበሌ ስብሰባም ይዘውት መሄድዎ ነው። አንድ እሑድ ግራ እጃችንን አንስተን "ይውደም!" ስንል፣ ከመሃል አንድ ዝግ ያለ ድምፅ "ስኳሩስ?" አለ። ፋብሪካው ወንጂ፣ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ስኳሩ ግን ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል።

ሊቀመንበሩ መፈክሩን አስቆሙ።

"ማነው? ጓድ ግርማ፣ አንተ ድምፅ ትለያለህ አሉ። ተናገር!"

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አባባ ገመቹ፣ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ግርማ ተነሣ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የእርስዎ ድምፅ ኃይለኛ ስለሆነ ሌላ አልተሰማኝም።"

ሊቀመንበሩ ደስ አላቸው። እኔም 'ለካ ጆሮው ወሬ ብቻ ነው' አልኩ።

ስንወጣ ግርማ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

"አባባ፣ ስኳሩ ከወንጂ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መኪናው ሞጆ ላይ ተበላሽቷል። ትንሽ ይታገሡ።"